«ሊየምባ» በታንጋኒካ ሐይቅ፦ የአንዲት የመንገደኞች መርከብ የሥራ ዘመን በተፈራራቂ ባለቤቶች እጅ

መግቢያ

የታንጋኒካ ሐይቅ ታንዛንያን፣ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎን፣ ቡሩንዲንና ዛምቢያን የሚያዋስን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብና ጥልቅ ሐይቅ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በተለይም የማሃሌ ተራሮች እስከ ውኃው ድረስ በሚወርዱበት አካባቢ፣ ብዙ መንደሮች መኪና የሚገባበት መንገድ ሳይኖራቸው ኖረዋል። ለነዋሪዎቻቸው ገበያ መውጣት፣ ሐኪም ቤት መድረስም ሆነ ዘመድ መጠየቅ ማለት በውኃ ላይ መጓዝ ማለት ነበር።

ይህን የማመላለስ ሥራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሠራችው «ሊየምባ» የተባለችው መርከብ ናት። መርከቧ በ1913 ጀርመን አገር ተሠርታ ለቅኝ ግዛት የባቡር ሥራ ተላከች፤ ጥቂት ቆይታም የጦር መርከብ ሆነች፤ ሆን ተብላም እንድትሰምጥ ተደረገች። ከውኃ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ የአደራ ግዛት፣ የሦስት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች፣ በመጨረሻም የታንዛንያ ንብረት ሆናለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መርከቧ ሲነገር ጎልቶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የጦርነቱ ታሪክ ነው። የጦር አገልግሎቷ ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ሲሆን፣ የመንገደኞች መርከብ ሆና የሠራችበት ጊዜ ከዘጠና ዓመት ያላነሰ ዘመን ይሸፍናል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረውም ይህንኑ ረጅም የሥራ ዘመን ነው። ባለቤቶቿ እንዲህ ሲፈራረቁ ሥራዋ እንዴት ሳይቋረጥ ሊቀጥል ቻለ? የሚለው ጥያቄ የጽሑፉ ማዕከል ነው።

የባቡሩ ቅጥያ

የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ የቅኝ አስተዳደር ከዳሬሰላም ተነሥቶ እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ዓላማው የአገሩን መካከለኛ ክፍል ከባሕር ጠረፍ ጋር ማገናኘት ብቻ አልነበረም። ሐዲዱ በ1914 መጀመሪያ ኪጎማ ሲደርስ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለውን ንግድ ሁሉ ወደ ራሱ እንዲስብ ታስቦ ነበር። ለዚህም ባቡሩ ከቆመበት ተነሥቶ ጭነትና ሰው ይዞ በሐይቁ ላይ የሚጓዝ ትልቅ መርከብ አስፈለገ። በመሆኑም መርከቧ ከመጀመሪያው የታሰበችው ራሷን የቻለች ነገር ሆና ሳይሆን የባቡር መሥመሩ ቅጥያ ሆና ነው።

መርከቧ በፓፐንበርግ ከተማ፣ በማየር የመርከብ መሥሪያ ተሠራች። ስሟም የቅኝ ግዛቱ አስተዳዳሪ በነበረው በግራፍ ጉስታፍ አዶልፍ ፎን ጎትዘን ተሰየመ። ርዝመቷ 71 ሜትር፣ ወርዷ 10 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ጋር ወደማይገናኝ ሐይቅ በባሕር ማስገባት ስለማይቻል፣ አካሏ ተፈታትቶ በ5,000 ያህል ሣጥኖች ታሽጎ ተጫነ፤ ከሐምቡርግ እስከ ዳሬሰላም በመርከብ፣ ከዚያም ወደ ኪጎማ በባቡር ተጓዘ። ከመሥሪያው አብረው የመጡ ሦስት የመርከብ ሠሪዎች ከአካባቢው ሠራተኞች ጋር ሆነው ብረቱን አንድ በአንድ ገጣጠሙት። መርከቧ በየካቲት ወር 1915 ወደ ውኃ ወረደች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። መርከቧ ተፈታታ እንድትጓጓዝና ከመሠሪያዋ ርቃ በሐይቅ ዳር እንድትገጣጠም ተደርጋ የተሠራች ነበረች። በቦታው ላይ ተገጣጥማ የተሠራችውን መርከብ በዚያው ቦታ ከፍቶ መጠገንም ይቻላል። ይህ ባሕርይዋ በኋላ ለደረሰባት ሁሉ መሠረት ሆኗል።

የጦርነቱ ዓመታት

መርከቧ ሥራ ስትጀምር አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ስለነበር፣ ለንግድ የተሠራችው መርከብ በጀርመን ባሕር ኃይል እጅ ገባች። «ኬኒግስበርግ» ከተባለችው የጦር መርከብ የተወሰደ የ10.5 ሳንቲ ሜትር መድፍ ተተከለባት፤ ወታደርና ስንቅም ታመላልስ ጀመር። በሐይቁ ላይ በትልቅነት የሚወዳደራት አልነበረም። እንግሊዞች ሁለት ፈጣን የሞተር ጀልባዎችን ከደቡብ አፍሪካ በየብስ አጓጉዘው ትንንሾቹን የጀርመን ጀልባዎች አንዱን ማረኩ፣ ሌላውንም አሰጠሙ፤ ይህችን መርከብ ግን ገጥመዋት አያውቁም።

በ1916 ቤልጎች ከምዕራብና ከሰሜን እየገፉ ሲመጡ ኪጎማ ልትያዝ ተቃረበች። መድፉ ተነቅሎ ለየብስ ጦር ከተላከ በኋላ፣ ጀርመኖች መርከቧ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ በሐምሌ 26 ቀን 1916 በማላጋራሲ ወንዝ መግቢያ አካባቢ አሰጠሟት። ይህን ያደረጉት ግን መርከቧን ለዘለቄታው ለማጥፋት አስበው አልነበረም። የገጣጠሟት ባለሙያዎች ከመስጠሟ አስቀድሞ ሞተሮቿን በወፍራም ቅባት ሸፍነዋቸው ነበር። ይህም አንድ ቀን ተመልሳ ትወጣለች የሚል ተስፋ እንደነበራቸው ያሳያል። ተስፋቸው ተፈጽሟል፤ ሆኖም መርከቧ የወጣችው ለእነርሱ ሳይሆን ለድል አድራጊዎቻቸው ነበር።

ከውኃ ሥር ወደ ሥራ

ኪጎማን የያዙት ቤልጎች መርከቧን አንሥተው ወደ ከተማዪቱ ወደብ ቢያመጧትም፣ እዚያው ቆማ ሳለ ዳግመኛ ሰመጠች። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ «ታንጋኒካ» ተብሎ በመንግሥታቱ ማኅበር አደራ ለእንግሊዝ ሲሰጥ፣ በሐይቁ ወለል ላይ የተኛው ብረትም አብሮ ለአዲሱ አስተዳደር ተላለፈ።

እንግሊዞች በመጋቢት 1924 መርከቧን አወጧት። ለስምንት ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ሥር የቆዩት ሞተሮችና የእንፋሎት ማሞቂያዎች ከጥገና በኋላ ሊሠሩ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። የጨዋማ ባሕር ውኃ ብረት በፍጥነት እንደሚበላ ይታወቃል፤ የሐይቁ ውኃ ግን በዚህ ረገድ የዋህ ነበር፤ ቅባቱም የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። ሌላ መርከብ ማዘዝ ማለት እንደገና ከአውሮፓ በሣጥን አስጭኖ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ማጓጓዝና እንደገና መገጣጠም ማለት ስለነበር፣ አሮጌዋን ማደስ የተሻለ ምርጫ ሆነ።

እድሳቱ ተፈጽሞ መርከቧ በግንቦት 1927 «ሊየምባ» በሚል አዲስ ስም ሥራ ጀመረች። ስሙ ተጓዡ ዴቪድ ሊቪንግስቶን በ1867 የሐይቁን ደቡባዊ ጫፍ ባየበት ጊዜ መዝግቦት የሄደው የሐይቁ የአካባቢ መጠሪያ ነው። የጀርመኑ ገዢ ስም ተሽሮ የሐይቁ ስም መተካቱ የባለቤትነትን መለወጥ ያመለክታል። ሥራው ግን ያው ጀርመኖች ያሰቡት ሥራ ነበር፤ ይኸውም በኪጎማ ከባቡር የወረደውን ሰውና ዕቃ ተቀብሎ በሐይቁ ዳርቻ ማዳረስ፣ የዳርቻውንም ምርት ወደ ባቡሩ ማምጣት ነው።

ከባቡር ድርጅት ወደ ባቡር ድርጅት

ከ1927 በኋላ የመርከቧ ባለቤትነት የተፈራረቀው በጦርነት ሳይሆን በአስተዳደር ለውጥ ነው። በመጀመሪያ የታንጋኒካ የባቡር ድርጅት ንብረት ነበረች። በ1948 የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ የባቡርና የወደብ አገልግሎት በአንድ ድርጅት ሥር ሲጠቃለል፣ መርከቧም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የባቡርና የወደብ ድርጅት ተዛወረች። ታንጋኒካ በ1961 ነጻ ስትወጣም ይህ የጋራ ባለቤትነት አልፈረሰም። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ግን የጋራ ንብረቱ ተከፋፈለ፤ «ሊየምባ»ም ለታንዛንያ የባቡር ኮርፖሬሽን ደረሰች። በ1990ዎቹ መገባደጃ የሐይቆች የመርከብ አገልግሎት ከባቡሩ ሲለይ፣ ለዚሁ ለተቋቋመው የመንግሥት ኩባንያ ተላለፈች።

በእነዚህ ዝውውሮች ውስጥ አንድ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ማንኛውም ባለቤት መርከቧን መርጦ አልገዛትም፤ ሁሉም የወረሳት ከሚበልጥ ንብረት ጋር ነው። እንግሊዞች ከግዛቱ ጋር፣ የጋራ ድርጅቱ ከባቡሩ ጋር፣ ታንዛንያም ከፈረሰው ማኅበረሰብ ድርሻዋ ጋር ተረከቧት። ከዚህም የተነሣ የየባለቤቱ አያያዝ የሚለካው መርከቧን በማግኘቱ ሳይሆን ለጥገናዋ ባወጣው ወጪ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሁለት ትልልቅ እድሳቶች ተደርገዋል፤ የመጀመሪያው በ1970ዎቹ፣ ሁለተኛውም በ1993 ነው። በነዚህ እድሳቶች የእንፋሎቱ ኃይል በናፍጣ ሞተር ተተክቷል፤ የቀፎዋ የተጎዱ ክፍሎችና የመንገደኞች ማረፊያዎችም ታድሰዋል። መርከቧ 600 ያህል መንገደኞች እንድትይዝም ተደርጋለች። የ1993ቱ እድሳት የተከናወነው በዴንማርክ መንግሥት ርዳታ ነው። መርከቧ በስም የታንዛንያ ሀብት ብትሆንም፣ ዕድሜዋን ያራዘመው ውሳኔ በከፊል በለጋሽ አገር ፈቃድ ላይ የተመሠረተ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የጉዞው ሥራ

የመርከቧ ዋና መሥመር ከኪጎማ ተነሥቶ በታንዛንያ ዳርቻ እየቆመ በዛምቢያ እስከምትገኘው ምፑሉንጉ የሚደርስ ነበር። ጉዞው ሌሊትና ቀን ይቀጥል ነበር፤ አንድ ጊዜ ለመሄድ ብቻ ሁለት ሌሊት ገደማ ይፈጅ ነበር። ቀደም ሲል ወደ ቡሩንዲዋ ቡጁምቡራም ትሄድ ነበር፤ ይህ ጉዞ የተቋረጠው በ1990ዎቹ በቡሩንዲ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ነው።

በመሥመሩ ላይ ካሉት በርካታ ማቆሚያዎች መካከል መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በሌሎቹ ቦታዎች መርከቧ ከዳርቻው ራቅ ብላ ትቆም ነበር፤ መምጣቷንም በጩኸት ታሳውቅ ነበር። ከመንደሩ የእንጨት ጀልባዎች ሰውና ዕቃ ጭነው ወደ እርሷ ይቀዝፉ ነበር። መንገደኛው በጎኗ ባለው በር በኩል ከሚወዛወዘው ጀልባ ይወጣ፣ ወይም ወደ ጀልባው ይወርድ ነበር፤ ከባዱ ጭነት በክሬን ይነሣ ነበር። ደረቅ ዓሣ፣ በቆሎና አናናስ ወደ ገበያ፣ የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ ወደ መንደሮቹ ይጓጓዝ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። የመርከቧ መምጫ ቀን በየመንደሩ የገበያ ቀን ያህል ይጠበቅ ነበር፤ ጀልባ ቀዛፊው፣ ተሸካሚውና ምግብ ሻጩም የዕለት ገቢያቸውን ያገኙ የነበረው በዚያ ሰዓት ነው።

መርከቧ ለዳርቻው ምን ማለት እንደነበረች ጎልቶ የታየው በስደት ጊዜ ነው። በ1997 በያኔዪቱ ዛየር የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ታንዛንያ የገቡ ከ75,000 በላይ ስደተኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ«ሊየምባ» ተጠቅሟል። በግንቦት 2015 ደግሞ በቡሩንዲ በተነሣው የፖለቲካ ቀውስ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ካጉንጋ በተባለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ተጠራቀሙ። መንደሪቱ በተራራና በሐይቅ መካከል የተጣበቀች፣ የመኪና መንገድ የማይገባባት ናት። የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡን በብዛት ወደ ኪጎማ ለማውጣት የሚያስችል ሌላ በቂ መንገድ ስላልነበረ፣ ዕድሜዋ መቶ ዓመት ያለፈው መርከብ በጀልባ እየቀረቡ የተሳፈሩትን ስደተኞች ደጋግማ አመላለሰች።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ ሁለት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ የመርከቧ ዕድሜ የረዘመው በብረቷ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ከባሕር የራቀ መሆኑ አዲስ መርከብ ማስገባትን እጅግ ውድ ስላደረገው፣ ባለቤቶቿ ሁሉ በየተራቸው ከመተካት ይልቅ መጠገንን መርጠዋል። ሁለተኛ፣ ባለቤቶቿ ቢለዋወጡም የዳርቻው ፍላጎት አልተለወጠም። መንገድ ያልገባለት መንደር የመርከቧ ሰንደቅ ዓላማ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መምጫዋን ሲጠብቅ ኖሯል።

ከዚህ በመነሣት ስለ መርከቧ የሚቀርቡ ሁለት አመለካከቶችን ማነጻጸር ይቻላል። አንደኛው እንደ ታሪካዊ ቅርስ ይመለከታታል፤ ለዚህም የጦርነት ዘመኗና በ1935 የታተመው የሲ. ኤስ. ፎሬስተር «ዘ አፍሪካን ኲን» የተሰኘው ልብ ወለድ፣ ከልብ ወለዱም የተሠራው ፊልም ያተረፉላት ዝና አስተዋጽኦ አድርጓል። ሁለተኛው የሕዝብ ማመላለሻ አድርጎ ይመለከታታል። ሁለቱ የግድ አይጋጩም፤ ነገር ግን ገንዘብ በሚመደብበት ጊዜ የተለያየ ውሳኔ ያስከትላሉ። ቅርስን ለመጠበቅ ወደብ ላይ አቁሞ ቀለም መቀባት ይበቃ ይሆናል፤ ማመላለሻን ለመጠበቅ ግን በየጊዜው የሚደረግ ጥገና፣ የሠለጠነ ሠራተኛና የማያቋርጥ በጀት ያስፈልጋል።

መርከቧ ለጥገና ከሥራ ውጭ በምትሆንባቸው ጊዜያት ክፍተቱን የሚሸፍኑት ከመጠን በላይ የሚጫኑ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው፤ ማዕበል በሚነሣበት ሐይቅ ላይ ይህ በሕይወት ላይ የሚመጣ አደጋ ነው። ስለዚህ «ሊየምባ» ትታደስ ወይስ ትተካ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ መመዘኛው የመርከቧ ዕድሜ ወይም ዝና ሊሆን አይገባም። መመዘኛው በመንገድ አልባው ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ አስተማማኝ የጉዞ አገልግሎት ማግኘቱ ነው። መንገዱ ወደ መንደሮቹ እስኪደርስ ድረስም የባለቤቱ ኃላፊነት ጉዞው እንዳይቋረጥ ማድረግ ይሆናል።