ጠብቆ የሚገጥምና ጠብቆ የማይገባ፦ ከጠመንጃ አካል ስለ ልክ የምንማረው

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ለጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሁለት የጠመንጃ ክፍሎች እርስ በርስ አልገጥም ሲሉ ምን ይደረጋል? የሚለውን ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ስለ መሣሪያ ውበት ልሰብክ አልመጣሁም። ዛሬ በየፋብሪካው፣ በየጋራዡና በየወፍጮ ቤቱ የምንገለገልበት የልክ ሥርዓት ግን በአብዛኛው ተፀንሶ ያደገው በጠመንጃ መሥሪያዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከምንጩ ጀምሮ መከተል ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና ሥራ ጀማሪ ሳለሁ፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ወፍጮ ቤት ያረጀ ኩሽኔታ እንድቀይር ተላክሁ። አዲሱ ኩሽኔታ በዘንጉ ላይ አልገባ አለኝ። በመዶሻ ብመታው ይሰነጠቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ሞከርሁ፤ እንደ ገና አሸሁት። በመጨረሻ ኩሽኔታው በእጄ ገፋ ሳደርገው ሰተት ብሎ ገባ። ወደ ወርክሾፑ ተመልሼ ለአለቃዬ፣ ለአንድ አረጋዊ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ያለ መዶሻ በእጄ አስገባሁት» ብዬ በኩራት ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ በእጅ የገባ በእጅ ይወጣል» አሉኝ።

ወር ሳይሞላ ወፍጮው ቆመ። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ከዘንጉ ጋር አብሮ መዞሩን ትቶ በላዩ ይንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ ዘንጉንም በላው። አዲስ ዘንግ በቶርኖ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ የአካባቢው እናቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ሩቅ ወደሚገኝ ወፍጮ ይሄዱ ነበር። የእኔ ስሕተት አንድ ነበር፤ «ጠብቋል» ማለትን «ተበላሽቷል» ማለት አድርጌ መተርጎሜ። ያ ዘንግ ከኩሽኔታው ቀዳዳ በጥቂት ማይክሮን እንዲወፍር ሆን ተብሎ የተሠራ ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። ስያሜው 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ እንውሰድ። በዓለም አቀፉ የልክ ሥርዓት አንድ የተለመደ ደረጃ መሠረት ቀዳዳው ከ25.000 እስከ 25.021 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይፈቀድለታል። በውስጡ በነፃነት እንዲንሸራተት የሚፈለግ ዘንግ ከ24.980 እስከ 24.993 ይሠራል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ7 ማይክሮን አያንስም፣ ከ41 አይበልጥም። ተጨምቆ እንዲገባና እንዳይላቀቅ የሚፈለግ ዘንግ ደግሞ ከ25.022 እስከ 25.035 ይሠራል፤ ይህም ከቀዳዳው በ1 እስከ 35 ማይክሮን ይወፍራል። ሦስቱም በሥዕሉ ላይ «25» ተብለው ይጻፋሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ሠሪው ያሰበው አገልግሎት ነው። ስለዚህ «ጠብቋል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጥያቄው እንዲጠብቅ ታስቦ ነበር ወይስ አልነበረም? ነው።

ሰው ወደዚህ አስተሳሰብ እንዴት ደረሰ? በቀድሞው ዘመን ጠመንጃ ሠሪ እያንዳንዱን ክፍል ለጎረቤቱ በሞረድ እያስማማ ያገጣጥም ነበር። እንዲህ የተሠራው ጠመንጃ ጥሩ ይሆናል፤ ነገር ግን የእርሱ ክፍል ለሌላ ጠመንጃ አይሆንም። በጦር ሜዳ አንዲት ትንሽ ብረት ብትሰበር፣ አንጥረኛ እስኪገኝ ድረስ ጠመንጃው ከዱላ አይሻልም።

በ1785 በፈረንሳይ አገር ኦኖሬ ብላን የተባለ ጠመንጃ ሠሪ የ50 ጠመንጃዎችን የእሳት ማስነሻ ፈታትቶ ክፍሎቹን በየሳጥኑ ደረደረ። በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ክፍሎቹን እንደ ዕድል እያነሣ ራሱ ገጣጠማቸው፤ ያየውንም በነሐሴ ወር ለጆን ጄይ ጻፈ። በአሜሪካም ኢላይ ዊትኒ በ1798 ለመንግሥት 10,000 ጠመንጃ በሁለት ዓመት ለማስረከብ ተዋዋለ፤ ሥራው የተጠናቀቀው ግን በ1809 ነው። ዊትኒ በትምህርት መጻሕፍት የዚህ ዘዴ አባት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲወደስ ኖሯል። ሆኖም ከዘመናት በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች ጠመንጃዎቹን ፈትተው ሲመረምሩ፣ ክፍሎቹ ከአንዱ ወደ አንዱ የማይዛወሩ፣ ለየጠመንጃቸው የተለየ ምልክት የተቀረጸባቸው ሆነው ተገኙ።

ችግሩን በእውነት የተጋፈጠው በሃርፐርስ ፌሪ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሠራው ጆን ሆል ነው። የ1819 ሞዴል ተብሎ የሚታወቀው ጠመንጃው ከኋላ የሚጎርስ ነበር፤ ባሩዱና ጥይቱ የሚቀመጡበት ክፍል ወደ ላይ ተነሥቶ ይጎርስና ተመልሶ ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል። እዚህ ላይ የግጥሚያው ነገር የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ክፍተቱ ከሰፋ የሚነደው ጋዝ በተኳሹ ፊት አጠገብ ያመልጣል። ከጠበበ ደግሞ የባሩድ ጥቀርሻ ሲጠራቀም ክፍሉ አልከፈት ይላል። ሆል ያገኘው መፍትሔ ለእኛ ዛሬም ትምህርት ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ልክ ሁሉ ከአንድ የተወሰነ መነሻ ነጥብ ብቻ እንዲለካ አደረገ። ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተንጠላጠልን ብንለካ ትንንሽ ስሕተቶች ተደማምረው ትልቅ ይሆናሉና። በ1834 በኮነቲከት የሚገኘው ሲሚየን ኖርዝ የሠራቸው ክፍሎች በሃርፐርስ ፌሪ ከተሠሩት ጋር ተለዋውጠው ገጠሙ። ሁለት የተራራቁ ፋብሪካዎች በአንድ ልክ ተስማሙ ማለት ነው።

ሌላው ታላቅ እርምጃም የመጣው ከጠመንጃ ነው። ስዊድን የማውዘርን ጠመንጃ በአገሯ ለመሥራት ስትወስን፣ በኤስኪልስቱና ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሰን የማውዘርን ፋብሪካ ጎብኝቶ ለየሥራው የሚያስፈልጉትን እጅግ ብዙ መለኪያዎች አየ። በ1896 ገደማም እርስ በርስ እየተደራረቡ ልክ የሚሰጡ 102 የብረት ጡቦችን አሰበ፤ በእነዚህ ወደ 20,000 የሚጠጉ ልኮች ማግኘት ይቻላል። የዛሬ ወርክሾፖች መለኪያቸውን የሚያርሙት በዚያው ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ጠመንጃ እንምጣ። ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ መጨረሻ የነደፈውና የኤም 16 መሠረት የሆነው ጠመንጃ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሁለት ክፍል ነው። ላይኛው አፈሙዙንና መዝጊያውን፣ ታችኛው ምላጩንና ሰደፉን ይይዛል፤ ሁለቱን 2 ፒኖች ያያይዟቸዋል። ከተለያዩ ሠሪዎች የመጡ ላይኛና ታችኛ ሲገናኙ አንዳንድ ጊዜ ፒኑ አልገባ ይላል። አንዱ ምክንያት ልባሱ ነው። አሉሚኒየሙ ላይ የሚፈጠረው ጠንካራ የኦክሳይድ ልባስ 50 ማይክሮን ያህል ቢወፍር፣ ግማሹ ወደ ብረቱ ይገባል፤ ግማሹ ወደ ውጭ ያድጋል። በቀዳዳ ውስጥ ግን እድገቱ ከሁለቱም ጎን ስለሆነ የቀዳዳው ስፋት በ50 ማይክሮን ይቀንሳል። ሠሪው ይህን አስቀድሞ ካላሰበ፣ ከልባሱ በፊት ልክ የነበረው ከልባሱ በኋላ ጠባብ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንደኛ፣ ኃይል ይቁም፤ ክፍሎቹ ይጽዱ፤ አሸዋ፣ ቀለም ወይም የብረት ጥርስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ፒኑ በእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይሞከር። በየራሳቸው አልፎ በአንድነት ካላለፈ፣ ጥፋቱ በቀዳዳው ስፋት ላይ አይደለም፤ ቀዳዳዎቹ ትይዩ አለመሆናቸው ነው። ሦስተኛ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ስስ የሰማያዊ ምልክት ቀለም ተቀብቶ ይገጠም፤ ቀለሙ የተላለፈበት ስፍራ የሚነካካውን ቦታ ያሳያል። አራተኛ፣ ጥብቀቱ ቀላል ከሆነ በጥቂት ዘይት ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ይበቃዋል። ከልክ የወጣ ከሆነ ግን ወደ ሠሪው ይመለስ። ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፋ ሰው ጠንካራውን ልባስ ገፍፎ ለስላሳውን አሉሚኒየም ያጋልጣል፤ ቀዳዳውም እየሞለለ ይሄዳል። የተወሰደ ብረት አይመለስም።

በተቃራኒው በሁለቱ አካላት መካከል ጥቂት መንቀጥቀጥ መኖሩ የሚያስጨንቃቸው አሉ። መዝጊያው የሚቆለፈው ግን ከአፈሙዙ ጋር ነው፤ ሁለቱም በላይኛው አካል ናቸው። ስለዚህ የታችኛው መላላት በጥይቱ አቅጣጫ ላይ ያለው ተጽእኖ አነስተኛ ነው። ክላሽንኮቭም ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ሰፊ ክፍተት እንዲኖራቸው የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ አቧራና ጥቀርሻ ገብቶም እንዲሠራ። ጥብቀት በራሱ ጥራት አይደለም። በሚያስፈልግበት ቦታ ሲሆን ብቻ ጥራት ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ወፍጮዬ ልመለስ። አረጋዊው አለቃዬ በሁለተኛው ጊዜ አብረውኝ ሄዱ። ኩሽኔታውን በዘይት ውስጥ አሞቁት። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቀዳዳ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በ24 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል። ኩሽኔታው ከአዲሱ ዘንግ ላይ ያለ መዶሻ፣ ያለ ብርጭቆ ወረቀት ገባ፤ ሲቀዘቅዝም ጨምድዶ ያዘ። መፍትሔው ከብረቱ ምንም ሳይወስድ ተገኘ። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ፣ የማይመለሰውን ወስጄ የሰው ዘንግ አበላሽቼ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ በአገራችን ወርክሾፖች ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ከመለኪያ ይልቅ ለእጅ ይቀርባሉ። ከሩቅ አገር የመጣ መለዋወጫ አልገባ ሲላችሁ፣ ያንን ክፍል የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደ ሠራው ለመጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ስጡ። መጀመሪያ ለኩ፤ ከዚያ አስቡ። ሞረዱ የመጨረሻው ይሁን። ከሥራችሁ በስተጀርባ እህሏን ይዛ የምትጠብቅ ሰው አለችና።