ቤቱ ተሠራ፤ ልጁስ?

በ2005 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜን ለልብ ቀዶ ሕክምና ይዤው ወደ ህንድ፣ ሙምባይ ሄጄ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኖ መራመድ ሲጀምር አንድ እሑድ ቀስ እያልን ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። ቀይ ጉልላት ያለውን ታጅ ማሃል ፓላስ ሆቴልን ያየሁት ያን ዕለት ነው። አግራ ከተማ ያለውን ዝነኛ መቃብር ማለቴ አይደለም፤ ይህ ሆቴል ነው።

ያሠሩት ጃምሴትጂ ታታ የተባሉ ህንዳዊ ባለሀብት ሲሆኑ፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1903 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 600 አልጋ ያለው ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። ዕድሜዬን በነርስነት ስለጨረስኩ ይህን ስሰማ ሕንፃውን ይበልጥ ወደድኩት።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2008 ማታ ግን መከራ መጣ። የታጠቁ አሸባሪዎች በከተማዋ የተለያዩ ቦታዎች ጥቃት ሲከፍቱ፣ ከፊሎቹ ሆቴሉ ውስጥ ገቡ። እስከ 29ኛው ቀን ጠዋት ድረስ ተኮሱ፤ እሳትም ለኮሱ። ሆቴሉ ውስጥ 31 ሰዎች ሞቱ። የስልክ ኦፕሬተሮቹ ከቦታቸው ሳይነሡ እንግዶቹን ክፍል ለክፍል እየደወሉ በር እንዲቆልፉና እንዳይወጡ ይነግሯቸው ነበር። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ካራምቢር ካንግ ባለቤታቸውንና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን በዚያው ሕንፃ ውስጥ አጡ። እሳቸው ግን እንግዶችን ማዳኑን አልተዉም።

አዲሱ ክፍል በዚያው ዲሴምበር፣ ወር እንኳ ሳይሞላ ተከፈተ። የተቃጠለው ጥንታዊው ሕንፃ ግን ሃያ ወር ያህል ፈጅቶ፣ በህንድ የነፃነት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2010 እንግዳ መቀበል ጀመረ። የሞቱት 31 ሰዎች ስም በሆቴሉ ውስጥ ተጽፎ ይታያል።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ገና ግድግዳው ሳይታደስ፣ በዚያው ዲሴምበር፣ ባለቤቶቹ ለተጎጂዎች የሚሆን የእርዳታ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ቁስል ከማሳከም አልፎ፣ ሰዎቹ ከድንጋጤያቸው እንዲያገግሙ የምክር አገልግሎት ሰጠ። የረዳውም የሆቴሉን ሰዎች ብቻ አይደለም፤ በጥቃቱ የተጎዱትን ፖሊሶች፣ መንገደኞችና የመንገድ ዳር ነጋዴዎችንም ነው።

ይህን ሳውቅ አፈርኩ። ከዓመታት በፊት እኛ ሰፈር የአንድ ጎረቤታችን ቤት በሌሊት ተቃጥሎ ነበር። ዕድራችን ገንዘብ አዋጣ፤ ቆርቆሮና ጣውላ ተገዛ፤ ቤቱ በሁለት ወር ቆመ። ያን ሰሞን የሰባት ዓመት ልጃቸው አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። እናቱ ልታማክረኝ መጣች። እኔም ነርሷ፣ «ልጅ አይደል? ይረሳዋል» ብዬ ሸኘኋት። ልጁ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ጭስ ከሸተተው ዛሬም ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረኝ።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ። ልጅ ከአደጋ ወይም ከሐዘን በኋላ ቢቃዥ፣ አልጋ ላይ ቢሸና፣ ሆዴን ቢል ወይም ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ቢል አትቆጡት። ያየውን ሊያወራ ሲፈልግ አድምጡት፤ ካልፈለገ አታስገድዱት። በተለመደው ሰዓት ይብላ፣ ይተኛ፣ ትምህርት ቤቱም ቶሎ ይመለስ። ወር አልፎት ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

መዋጮውም ቆርቆሮውም አይቅር። ቤቱ ተሠርቶ ጎረቤቱ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ሲመጣ ግን፣ አንዳችሁ ልጁን ወደ ጎን ወስዳችሁ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉት።