ከሊስትሮው ሣጥን ፊት የሚነሣ ጥያቄ

መስከረም ጠብቶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ የመቐለ ከተማ ጎዳናዎች ሌላ መልክ ይይዛሉ። ወደ ጮምዓ ኮረብታ ለመውጣት ነጠላ ይታጠባል፤ በቀዳማይ ወያነ ገበያ የበግ ዋጋ ያከራክራል፤ በሮማናት አደባባይ አካባቢ ጫማውን ለማስጠረግ ተራ የሚጠብቀው ሰው ይበረክታል። ጠራጊው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። አጎንብሶ ስለሚሠራ ፊቱን ልብ ብሎ የሚያይ ደንበኛ ጥቂት ነው። ከሣጥኑ ላይ አንዱ እግር ወርዶ ሌላው እስኪተካ ባለችው ቅጽበት «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ የሚጠይቀውማ ከዚያም ያነሰ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የአንድን ሰው የሕይወት ዘመን የወሰነበት ጊዜ አለ። ሕንዳዊው ካይላሽ ሳትያርቲ ቪዲሻ በተባለችው የትውልድ ከተማው ትምህርት ቤት በገባበት በመጀመሪያው ቀን፣ ከደጃፉ ላይ አንድ የጫማ ሰፊ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የተማሪዎችን እግር ሲመለከት አየ። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነበር። ይህ ልጅ ስለምን አብሮን አይገባም ሲል መምህሩን ጠየቀ፤ ርእሰ መምህሩንም ጠየቀ። ድሆች ስለሆኑ ነው፣ የተለመደ ነገር ነው ተባለ። አልረካምና ውሎ አድሮ አባትየውን ራሱን ጠየቀ። ጫማ ሰፊውም ነገሩን አስቦበት እንደማያውቅ፣ አባቱም አያቱም በዚሁ ሥራ እንደኖሩና እነርሱ ለሥራ የተፈጠሩ እንደሆኑ ነገረው።

ሳትያርቲ አድጎ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረ፤ እንጀራውም ተቃንቶለት ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራውን ትቶ፣ በዕዳ ተይዘው የሚሠሩ ሕፃናትን ነፃ የሚያወጣ ንቅናቄ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተባበረው ሰልፍ በ103 አገሮች አልፎ ጄኔቭ ላይ ሲያበቃ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት በተከታዩ ዓመት አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን የሚከለክለውን 182ኛውን ስምምነት አወጣ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2003 አጸደቀችው። ሳትያርቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ከፓኪስታናዊቷ ማላላ ዩሱፍዛይ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል ስለዚያ የደጃፍ ልጅ መናገሩን አልተወም።

እርግጥ ነው፣ ከእኛ መካከል ጥጃ ያልጠበቀ፣ ውኃ ያልቀዳ፣ ለእናቱ ያልተላከ ስንቱ ነው? ሥራ ለልጅ ነውር ነው የሚል የለም። ነውሩ ሥራው ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና ጤናውን ሲበላበት ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2007 ዓ.ም. ባካሄደው ብሔራዊ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች 42.7 ከመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ ተገኝተዋል። አብዛኞቹም የገጠር ልጆች ነበሩ።

መቐለ ግን ከዚህ ቁጥር በኋላ ብዙ አይታለች። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ፤ የመማሪያ ክፍሎች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ደወሉ እንደገና መሰማት ሲጀምር፣ በ10 ዓመቱ ከ4ኛ ክፍል የወጣው ልጅ 13 ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚህ መካከል አባት ያጣ፣ ለታናናሾቹ ዳቦ ገዝቶ መግባት የለመደ ልጅ፣ ከሕፃናት ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጥ ሲባል ማፈሩ አያስገርምም። ሣጥኑን ጣልና ተማር ማለት ለዚህ ልጅ መልስ አይሆነውም፤ በሣጥኑ የሚተዳደር ቤተሰብ አለውና። ስለዚህ ሊረዳው የሚሻ ሰው እናቲቱን ማግኘት፣ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት በኋላ የሚሠራበትን መንገድ መፈለግ፣ የደብተሩን ወጪ መሸፈን ይኖርበታል። ይህም የአንድ ቀን ምጽዋት ሳይሆን የዓመት ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ዓይናችን ጎዳና ላይ ብቻ እንዳይቀር ያሰጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ያዛል። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም፤ ጉዳይዋ ሌላ ደንብ እንዲወጣለት የተተወ ነው። ተቆጣጣሪው ፋብሪካ ይገባል፤ ማጀት አይገባም። ከገጠር «ታስተምሩልኛላችሁ» ተብላ ለዘመድ የተሰጠች ልጅ፣ ለበዓሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ታመሻለች፤ ለእንግዶች የእጅ ውኃ ታስታጥባለች፤ ትምህርቱ ግን ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነብቡት ቤቶች በስንቱ እንዲህ ያለች ልጅ እንዳለች ባለቤቶቹ ያውቁታል።

ትምህርት የሚጀመረው በዚሁ ወር ነው። ልጅቱን ይዞ ትምህርት ቤት የሚቀርብ አዋቂ ያስፈልጋል፤ ብቻዋን ብትሄድ የሚሰማት የለም። የማታ ተማሪ የምትሆን ከሆነም ከ11 ሰዓት በኋላ በቤቱ ውስጥ ሥራ አይኖራትም፤ እንግዳ መጥቶ ቡና ይፈላ ቢል እንኳ ሌላ ሰው ተነሥቶ ያፍላ።