ለየትኛው ፍሳሽ የትኛው ማጣሪያ?

ፍሳሽ ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቆሻሻ ውኃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ጠርቶ የሚወጣበት ገንዳ ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ለሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚበጀው ለካፋ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም በበጀ ነበር። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ብረት ነው፤ ቢቀበርም ቢፈላም አይበሰብስም። በተለመደው አሠራር ቆዳው ሳይዘው ከውኃው ጋር የሚወጣው ክሮም ሲሶ ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ0.05 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የሞጆ ወንዝ መጨረሻው አዋሽ ነውና ጉዳቱ የሞጆ ብቻ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ብረት ከሚያወጡት ዘዴዎች አንዱ ማንሳፈፍ ነው። የሟሟ ብረት በራሱ አይንሳፈፍም። መጀመሪያ ኖራ ተጨምሮ አሲድነቱ ሲቀንስ ክሮሙ አረንጓዴማ ብናኝ ሆኖ ይለያል። ቀጥሎ በግፊት አየር የጠገበ ውኃ ከገንዳው ሥር ይለቀቃል፤ ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሱ አረፋዎች ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ ብናኙን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ከላይ ያለውም ይገፈፋል። ማዕድን አውጪዎች በዚሁ መርህ ብረት አዘሉን ደቃቅ ከድንጋዩ መለየት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። «ዝም ብሎ ቢዘቅጥስ?» የሚል ይኖራል። ቦታ ሰፊ ከሆነና መብራት ከተቆራረጠ፣ እውነትም ማዝቀጥ ይሻላል። ማንሳፈፍ የሚያዋጣው ብናኙ ደቃቅ፣ ግቢውም ጠባብ ሲሆን ነው። በሁለቱም ግን ብረቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ ዝቃጩ ሜዳ ላይ ከተጣለ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ካፋ ስንመጣ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህ የጫካ ቡና አገር፣ ወንዞቹን በዋናነት የሚያሰጋው ክሮም ሳይሆን የእሸት ቡና ልጋግ ነው። «እሱማ ተፈጥሯዊ ነው፣ ይበሰብሳል» ይባላል። ጉዳቱ የሚመጣው ግን ሲበሰብስ ነው፤ ስኳሩን የሚበሉት ተህዋስያን በወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፣ ዓሣውና የውኃ ነፍሳቱም ይታፈናሉ። ያውም እጥበቱ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ ወንዞች መጉደል ሲጀምሩ ነው። የሚገርመው፣ እዚህ ማንሳፈፍ ያለ ማሽን ይሠራል። ሠራተኞች እሸቱን ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት የበሰለው ይሰምጣል፣ ተንሳፋፊው ይለቀማል። ፍሳሹም ገንዳ ውስጥ ሲቆይ ይቦካል፤ ልጋጉ በአሲዱ ይረጋና ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ቡናማ የሆነ ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ ይንሳፈፋል። ያን ቅርፊት ገፎ ማስወገድ፣ የቀረውን ውኃ በኖራ ማለዘብ፣ ከዚያም ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ረግረግ ማሳለፍ ለአንድ ጣቢያ ከአቅም በላይ አይደለም። ገለፈቱም ወንዝ ዳር ከሚከመር ኮምፖስት ቢሆን ይሻላል።

ስለዚህ ለካፋ ውድ የብረት ማጣሪያ ይምጣ ማለት የሌለ በሽታ ማከም ነው፤ ለሞጆም የካፋን ገንዳ መስጠት በሽታውን መደበቅ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ማጣሪያ አለህ ወይ ብሎ ብቻ አይለፍ፤ ፍሳሹ ውስጥ ምን አለ፣ ዝቃጩስ የት ይሄዳል ብሎ ይጠይቅ። የካፋው የጎጀብ ወንዝ ኦሞ የሚገባ ነውና ጥያቄው የካፋ ብቻ አይደለም።