ስለ ቃልና ስለ ዋጋው

በገበያ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ የታወቀ ነው። ማር የሚሸጥ ሰው ከማሰሮው አጠገብ ይቀመጣል፤ በሬ የሚያሻሽጠውም ደላላ፥ ደላላ መሆኑን ሻጭም ገዢም ዐውቆት ይነጋገራል። በቀድሞው ዘመን ነጋሪት ሲጐሰም እንኳ ሕዝቡ ዐዋጁ በማን ስም እንደ ታወጀ ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። እንግዲህ ቃሉን ከመመዘን አስቀድሞ የቃሉን ባለቤት መጠየቅ የቈየ ልማዳችን ነው። በዛሬው ዘመን ግን ከዕቃ ሁሉ ይልቅ በብዛት የሚሸጠውና የሚገዛው ቃል ሆኖ ሳለ፥ ገዢው ብዙ ጊዜ ተሰውሮ ይኖራል። ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

በፌስቡክ፥ በዩቲዩብና በቲክቶክ ወግ እያወጉ፥ ወጥ እየሠሩ፥ እየቀለዱም ብዙ ተመልካች የሚሰበስቡ ወጣቶች ይዘት ፈጣሪዎች ይባላሉ። ነጋዴም ሕዝብ ወደ ተሰበሰበበት መሄድ ልማዱ ስለ ሆነ፥ ስለ ሸቀጡ እንዲናገሩለት ገንዘብ ይከፍላቸዋል። ይህ ሥራ ነው፤ በቅንነት ለሠራውም ሰው ነውር የለበትም። በጐረቤታችን በኬንያ ይህ ሥራ እጅግ ስለ ሰፋ፥ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው የፋይናንስ ሕግ ለአገሩ ይዘት ፈጣሪዎች ከሚከፈለው ገንዘብ ከመቶ 5 ግብር እየተቀነሰ እንዲገባ አዘዘ። በረቂቁ ከመቶ 15 ተብሎ የነበረው ብዙ ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው ወደ 5 የወረደው። ግብር ማንንም ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ግብር የሚከፈልበት ሥራ በሕግ ፊት የታወቀ ሥራ ይሆናልና፥ ከፋዩና ተከፋዩ በመዝገብ ይገኛሉ።

በዚያው አገር ግን በመዝገብ የማይገኝ ሌላ ገበያ ደግሞ ነበረ። ሞዚላ የሚባለው ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ በትዊተር የሚጽፉ ወጣቶች በስውር እየተከፈላቸው ዳኞችንና ሕገ መንግሥቱ እንዳይለወጥ የሚከራከሩትን ሰዎች በአንድነት እንዲሳደቡና ስማቸውን እንዲያጠፉ ይታዘዙ እንደ ነበረ ገለጠ። በቀን በሦስት ዘመቻ ለመሰለፍ ዋጋው ከ10 እስከ 15 የአሜሪካ ዶላር ነበረ። የሚነበበው ሁሉ የሕዝቡ የራሱ ቍጣ ይመስል ነበረ እንጂ፥ ከበስተኋላው ከፋይ እንዳለ አንባቢው ሊያውቅ አልቻለም። የአንድ ዳኛ ክብር በጥቂት ዶላር ተሸጠ፤ የገዢው ስም ግን አልተጻፈም።

ይህነን በምናስብበት ጊዜ የገዛ ሀገራችን ታሪክ ወደ ቃሊቲ ይወስደናል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞን የተከፈለ ነበረ። በ2004 ዓ.ም. የታሰሩትን ጋዜጠኞች ሊጠይቁ ይመላለሱ የነበሩ ወጣቶች፥ ከአጥሩ ውጪ ያለውን ሰፊ አገር ዘጠነኛው ዞን ነው የሚለውን የእስር ቤት ምሳሌ ይዘው ዞን ዘጠኝ የሚባል ጦማር በኢንተርኔት ጀመሩ። መፈክራቸውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበረ። እንጀራቸው ከሌላ ሥራ ነበረ፤ ከእነርሱ አንዳንዱ በዩኒቨርሲቲ መምህር፥ ሌላው የመረጃ ሠራተኛ፥ ሌላውም የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበረ። የሚጽፉትንም በገዛ ስማቸው ይጽፉ ነበር።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ 6ቱ ከ3 ጋዜጠኞች ጋራ መያዝ ጀመሩ፤ በኋላም በፀረ ሽብር ሕግ ተከሰሱ። በኢንተርኔት ምሥጢርን ለመጠበቅ የሚያስተምር ትምህርት መማራቸው እንኳ ከክሱ ገባ። ሴቶቹ በቃሊቲ፥ ወንዶቹ በቂሊንጦ ታሰሩ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተነሣ፤ የቀሩትንም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክስ ነጻ ናችሁ አላቸው። ከእነርሱ አስቀድሞ በቃሊቲ የነበረው ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈርዶበት እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም. ታስሮ ኖረ። ርእዮት ዓለሙም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በእስር ቈይታለች።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያያቸው። የኬንያው ሰልፈኛ ስለ ቃሉ ዋጋ ተቀበለ፤ ከፋዩም ተሰወረ። የቃሊቲው እስረኛ ግን ስሙን በግልጥ ጽፎ፥ የቃሉን ዋጋ በገዛ ሰውነቱ ከፈለ። አንባቢ ሊፈራው የሚገባው የትኛውን ነው? ስሙን ጽፎ የሚናገር ሰው ቢሳሳት መልስ ሊሰጡት ይቻላል፤ ቢያጠፋም በስሙ ይጠየቃል። በተሰወረ ገንዘብ የሚነገረውን ቃል ግን ማን ይመልስለታል? አንደበቱን ሲያርሙት ኪሱ ሌላ አንደበት ይገዛልና።

ለዚህ መድኀኒቱ ወኅኒ አይደለም፤ መግለጥ ነው። በጋዜጣ ሥራ የቈየው ልማድ፥ ነጋዴ ከፍሎ የሚያሳትመውን ቃል «ማስታወቂያ» ብሎ ከዜናው ለይቶ ማውጣት ነው። የማስታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 759/2004ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1185/2012 ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የተከታዮችን ቍጥር መቍጠር ባይከፋም፥ የከፋዩን ስም መጠየቅ ግን ከዚያ ይበልጣል። ሐሰትና እውነት ብዙ ክርክር ያለበት ነገር ነው፤ ገንዘብ መቀበልና አለመቀበል ግን በደረሰኝ የሚታወቅ ነው። ዳኛም በደረሰኝ ሲፈርድ በአሳብ ላይ ከመፍረድ ይድናል።

ስለዚህ ይዘት ፈጣሪ የሆናችሁ ወጣቶች ሆይ፥ ስለ ሳሙናም ሆነ ስለ ሹመት ገንዘብ ተቀብላችሁ በተናገራችሁ ጊዜ፥ «ይህነን የምናገረው እገሌ ከፍሎኝ ነው» በሉ። ተመልካቻችሁ በዚህ አይርቃችሁም፤ ያልተከፈላችሁበትን ቃል ግን ከዚያ ወዲያ አብልጦ ያምናችኋል። ነጋዴዎችም ዕቃችሁ መልካም ከሆነ በስማችሁ አስነግሩ። አንባቢም አንድ ሺህ ሰው በአንድ ቀን አንድ ዐይነት ቃል ሲናገር ባየ ጊዜ፥ ከመቈጣቱ በፊት «ማን ከፈለ?» ብሎ ይጠይቅ። ሕግ አስከባሪዎችም ስውሩን ገንዘብ ለመፈለግ በተነሡ ጊዜ፥ በግልጥ የሚናገረውን ሰው ቀድሞ ስለ ተገኘ ብቻ እንዳይዙት ይጠንቀቁ።

የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች «ስለሚያገባን» ብለው የጻፉበትን ምክንያት በግልጥ ነግረውናል። ዛሬ በየስልኩ የሚናገር ሰው ሁሉ እንዲሁ ምክንያቱን ይንገረን፤ ስለሚያገባው እንደ ሆነ ስለሚያገባው ነው ይበል፥ ስለ ተከፈለው እንደ ሆነም ስለ ተከፈለኝ ነው ይበል። ሁለቱም በግልጥ ሲነገሩ ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው፤ ሁለተኛው የፊተኛውን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ግን ሀገር ይታለላል።