መዳብ የራሱ ልክ አለው

ጥይቱን በገዛ እጁ የሚሞላ አዳኝ፥ ቀለሃውን አጽድቶ፥ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ፥ አረሩን በልኩ ሲተክል፥ ሐሳቡ ሁሉ ተኩሱ እንዳይስትና እንስሳው ሳይሠቃይ እንዲሞት ነው፤ በካሊፎርኒያ በጠመንጃ ጥገና ሙያ የተሰማራሁት እኔ ግን፥ አዳኙ ሥጋውን ጭኖ ከሄደ በኋላ በዱር የሚቀረው ነገር ሁሉ ከዚሁ ጥንቃቄ ሊገባ ይገባል እላለሁ።

የተለመደው አረር የሚሠራበት እርሳስ ለስላሳ ማዕድን በመሆኑ፥ ሥጋና አጥንት ሲያገኘው ይፈረካከሳል፤ ዓይን የማያያቸው፥ በራጅ ብቻ የሚገለጡ ፍርፋሪዎቹም ከቁስሉ ርቀው ይበተናሉ። በዱር የተጣለውን የሆድ ዕቃ የሚበላው ኮንዶር የተባለ ትልቅ ጥንብ አንሣ እነዚህን ፍርፋሪዎች ሲውጥ፥ እርሳሱ በጨጓራው አሲድ ሟሙቶ ወደ ደሙ ይገባል፤ የምግብ ማውረጃውም ሽባ ስለሚሆን፥ ወፉ መብል ሳይጠፋ በረኃብ ሊሞት ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በዓለም የቀሩት የካሊፎርኒያ ኮንዶሮች 22 ብቻ ነበሩ፤ በ1987 የመጨረሻው የዱር ወፍ ተይዞ ዘራቸው በሰው እንክብካቤ ከበዛ በኋላ፥ ከ1992 ጀምሮ ወደ ተፈጥሮ ቤታቸው ቢመለሱም፥ ከሞታቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ዛሬም የእርሳስ መርዝ ነው። ስለዚህም ግዛቲቱ በ2013 ባወጣችው ሕግ፥ ከጁላይ 1 ቀን 2019 አንሥቶ የዱር እንስሳትን በእርሳስ ጥይት ማደን ፈጽሞ ተከለከለ።

ይሁን እንጂ የእርሳሱን አረር በመዳብ መተካት ብቻ ሕጉንም ሙያውንም መፈጸም የሚመስለው ሰው በብርቱ ይሳሳታል። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ ክብደት 11.3 ግራም ሲሆን፥ የመዳቡ ወደ 9 ግራም ገደማ ነው፤ እንግዲህ ክብደቱና ውፍረቱ እኩል የሆነ የመዳብ አረር የግድ ይረዝማል፤ ሲረዝምም ወደ ቀለሃው ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ያጣብባል፤ ቦታው ሲጠብብ ግፊቱ ይጨምራል፤ አረሩ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲበርም ፈጣን ሽክርክሪት ይሻል። ስለዚህ ለእርሳስ የተጻፈውን የባሩድ መጠን ለመዳብ ማዋል ጠመንጃውንም ተኳሹንም ለአደጋ መዳረግ ነው፤ ለዚያው አረር ከታተመው ሠንጠረዥ ዝቅተኛውን መጠን ይዞ፥ በየደረጃው የግፊቱን ምልክት እየመረመሩ መውጣት እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ለደንበኞቼ የምመክረው፥ ቀለል ያለ አረር እንዲመርጡ ነው፤ በ.30-06 ጠመንጃ 180 ግሬን እርሳስ የለመደ አዳኝ፥ 165 ወይም 150 ግሬን መዳብ ቢይዝ፥ የርዝመቱ ችግር ይቃለልለታል፥ ፍጥነትም ያገኛል። ፍጥነት ደግሞ ለመዳብ ሕይወቱ ነው፤ ጫፉ እንደ አበባ ተከፍቶ ክብደቱን ሳያጎድል የሚያልፈው በበቂ ፍጥነት ሲመታ ብቻ ነውና፥ ርቀቱ ከአረሩ አቅም ካለፈ ቃታውን አለመሳብ የአዳኙ የሕሊና ግዴታ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፥ መዳብ ዋጋው ከፍ ይላል፥ ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ ነገር ግን በምንሞላው ጥይት ላይ ሥልጣን የተሰጠን እኛ ነንና፥ አዕዋፈ ሰማይም ልጆቻችንም ከማዕዳችን መርዝ እንዳይበሉ መጠንቀቅ የሙያችን ተቀዳሚ ሕግ ይሁን።