በከፋ አገር ያልታወቀ የዱር ወፍ ሲታይ ለይቶ ስለ ማወቅ

ሹም ስለሚያስተዳድረው አገር በዓይኑ አይቶ ከሚያውቀው ይልቅ ሰው ነግሮት የሚያውቀው ይበዛል። ስለዚህ የተነገረው ነገር የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ትእዛዝም መሳሳቱ አይቀርም። ስለ ዱር ወፍ የሚቀርበው አቤቱታ ከዚህ ዓይነት ነው። ባለ እርሻው «አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ መጥቶ አስቸገረን» ብሎ ለቀበሌው ያመለክታል፤ ቀበሌው ለወረዳው፥ ወረዳውም ለዞኑ ይጽፋል። ወረቀቱ ቦንጋ ሲደርስ ግን ወፉ ምን እንደ ሆነ ሊናገር የሚችል ሰው አይገኝም። ቁራ ጥቁር ነው፤ ጥንብ አንሳም ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፤ በዱር ፍሬ የሚኖረው ሆርንቢልም ጥቁር ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደ ተከሰሰ በወረቀቱ አልተጻፈም።

ወፉ ሳይታወቅ ፍርድ ሲሰጥ ጉዳቱ ሁለት ነው። ያላጠፋው ይገደላል፥ ያጠፋው ደግሞ በእርሻው ላይ ይቀራል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። የከፋ ደንም ቡና በዱር የሚበቅልበት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ስለ ሆነ፥ በውስጡ የሚኖሩት አእዋፍ ከአገሩ ሀብት የሚቆጠሩ ናቸው። ሆኖም ወፍን ለይቶ ለማወቅ የግድ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የታየውን ነገር በተራ መመልከትና ስም ከመስጠት በፊት መጻፍ ነው።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የወፉ ትልቅነት ነው። ትልቅነትን በክንድና በስንዝር ከመገመት ይልቅ ሁሉ ከሚያውቀው ወፍ ጋር ማመዛዘን ይሻላል። ከድንቢጥ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? እርግብ ያህላል? ዶሮ ያህላል? ወይስ ጥንብ አንሳ ያህላል? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ በትክክል ቢመለስ ከወፎቹ አብዛኞቹ ከጥርጣሬ ይወጣሉ።

ሁለተኛው ምንቃሩ ነው። ምንቃር የወፍ የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ መሣሪያውን ያየ ሰው የወፉን ምግብ ያውቃል። አጭርና ወፍራም፥ ወደ ጫፉ የሾለ ምንቃር እህል ለመፈልፈል የተሠራ ነው። እንደ መንጠቆ የታጠፈ ምንቃር ሥጋ ለመቦጨቅ ነው። ቀጭንና ረዘም ያለ ምንቃር ትልን ለመልቀም፥ ወደ ታች የጎበጠ ረጅም ምንቃርም ከጭቃና ከሣር ውስጥ ነፍሳትን ለማውጣት ነው። ምንቃሩ ቀጭን የሆነውን ወፍ «ማሽላዬን በላ» ብሎ መክሰስ፥ መጭድ የያዘውን ሰው ዛፍ ገንድሷል ብሎ እንደ መክሰስ ይቆጠራል።

ሦስተኛው አቋሙና አበራረሩ ነው። በጎጀብ ወንዝና በቦንጋ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች ክሬን የሚባሉ ረጃጅም እግር ያላቸው ሁለት ዓይነት ወፎች ይታያሉ። አንደኛው በራሱ ላይ እንደ ወርቅ የሚያበራ አክሊል አለው፥ አካሉ ጥቁር ነው፥ ክንፉም ነጭ አለበት። ሁለተኛው ከእርሱ የሚበልጥ፥ እስከ ሰው ቁመት የሚደርስ፥ አንገቱ ነጭ የሆነ፥ ከአገጩ በታችም ሁለት ነጫጭ ሥጋዎች የተንጠለጠሉለት ነው። እነዚህን ከሩቅ ያየ ሰው ሄሮን ከሚባለው ዓሣ አዳኝ ጋር ያደባልቃቸዋል። ነገር ግን ክሬን ሲበር አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው፤ ሄሮን ግን አንገቱን አጥፎ በትከሻው መካከል አስገብቶ ይበራል። ስለዚህ መልኩ በማይታይበት ርቀት እንኳ ሁለቱን መለየት ይቻላል። ሁለቱም የክሬን ዓይነቶች በዓለም ላይ ለጥፋት ከሚያሰጉት አእዋፍ ተቆጥረዋልና፥ ረግረግን ለማድረቅ ወይም ለማረስ ፈቃድ ሲጠየቅ እነዚህ ወፎች በዚያ መኖር አለመኖራቸውን አስቀድሞ ማስመርመር ይገባል።

የላባው ቀለም የሚጠየቀው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ቀለሙን ነው፤ ነገር ግን ቀለም ያታልላል። በከፋ ደን ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ የሚባል ወፍ አለ። በቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት አረንጓዴ ስለ ሆነ ከቅጠሉ አይለይም፤ ክንፉን ዘርግቶ ሲበር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ተቀምጦ ያየው ሰው አረንጓዴ ነው፥ ሲበር ያየውም ቀይ ነው ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ወፉ ግን አንድ ነው። እንዲሁም ከሸማኔ ወፎች ብዙዎቹ ወንዶቹ በሚራቡበት ወራት ቢጫና ጥቁር ለብሰው ያጌጣሉ፤ ወራቱ ሲያልፍ ጌጣቸውን ጥለው እንደ ሴቶቹ ደብዛዛ ይሆናሉ። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል።

አራተኛው ቦታውና ወራቱ ነው። ወፉ የታየው በደን ውስጥ ነው፥ በእርሻ ዳር፥ በረግረግ ወይስ በከተማ? ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሽመላን የመሳሰሉ ብዙ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። ስለዚህ በነዚህ ወራት አዲስ ወፍ መታየቱ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ከነዚህ አንዳንዶቹ በእግራቸው ላይ ቁጥርና ጽሕፈት ያለበት ትንሽ የብረት ቀለበት አለ። ይህ ወፎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ ለማወቅ ሊቃውንት ያሰሩት ምልክት እንጂ የጥንቆላ ወይም የስለላ ዕቃ አይደለም። ሞቶ የተገኘ ወፍ ቀለበት ቢኖርበት፥ በቀለበቱ ላይ የተጻፈው አንድም ሳይቀር ተገልብጦ መላክ አለበት።

በሐሰት ከሚከሰሱት ወፎች ሦስቱን ማንሳት ለነገሩ ማስረጃ ይሆናል። አንደኛው ራሱ ጥቁር ሰውነቱ ቢጫ የሆነው የደን ወፍ፥ ኦሪዮል የሚባለው ነው። ቀለሙ ከሸማኔ ወፍ ጋር ስለሚመሳሰል እህል በላ ይባላል። ሆኖም ከሸማኔ ወፍ ይበልጣል፥ ምንቃሩም ረዘም ያለና ቀላ ያለ ነው፤ የሚበላውም ትልና ፍሬ ነው። ሁለተኛው ጀርባው ጥቁር፥ አብዛኛውን ጊዜም ሆዱ ነጭ፥ ጅራቱ አጭርና ቀይ ዳማ የሆነው ትልቅ ጭላት ነው። ጫጩት ሲጠፋ የሚከሰሰው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለ ሆነ ለእርሻ ጠባቂ ነው። ከመንደር ጫጩት የሚነጥቀው ብዙ ጊዜ ጅራቱ እንደ መንሽ የተሰነጠቀው ጭልፊት ነው። ስለዚህ በሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን ወፍ ጅራት አስቀድሞ ማየት ፍርዱን ያቀናል።

ሦስተኛው ከላይ የተጠቀሰው ሆርንቢል ነው። ይህ ወፍ በትልቅ ምንቃሩ ላይ እንደ ቀንድ ያለ ቆብ የተሸከመ፥ አካሉ ጥቁርና ነጭ የሆነ፥ ሲበርም የክንፉ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ ነው። የሾላንና የሌላውን ዛፍ ፍሬ በልቶ ዘሩን በየቦታው ስለሚጥለው፥ ደን ያለ ተካይ እንዲተከል ያደርጋል። ሴቲቱ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱም በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ምግብ ያቀብላታል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ አንዱን ወንድ የገደለ ሰው በውስጥ ያሉትን ሁሉ ይጎዳል፤ ውስጡ ባዶ ነው ተብሎ ያረጀውን ዛፍ የቆረጠም የወፉን ቤት ያፈርሳል።

በእውነት የእህል ጠላት የሆነው ግሪሳ ግን በጥንቃቄ ሊታወቅ ይገባል። ግሪሳ ከድንቢጥ የማይበልጥ፥ ምንቃሩ ወፍራምና ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነ፥ በቆላ አገር እንደ ደመና በመንጋ የሚሄድ ወፍ ነው። አንዱ ብቻውን የሚበላው ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ የሚከብደው ከብዛቱ የተነሣ ነው። ሲበዛ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጭበታል። መድኃኒቱ ግን ወፍ ከወፍ ስለማይለይ፥ ተራ የሸማኔ ወፎችን ግሪሳ ናቸው ብሎ መጻፍ ገንዘብን ማባከንና ሌላውን ፍጥረት መፍጀት ይሆናል። ስለዚህ ግሪሳ መጣ ብሎ የሚጽፍ ሹም የመንጋውን ግምት፥ የምንቃሩን ቀለምና የሚያድርበትን ስፍራ አብሮ ይጽፋል።

ወፍን ለማወቅ ብሎ መግደል አያስፈልግም፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው። ሞቶ የተገኘ ወፍ ግን ትምህርት ይሰጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በነጭ ሳር ሜዳ በመንገድ ላይ ከሞተች በሌሊት የምትበር ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተገኘ፤ በ1995 ዓ.ም. በዚያ ክንፍ ብቻ ለዓለም አዲስ የወፍ ዓይነት ሆና ስም ተሰጣት። ሆኖም የሞተን ወፍ በባዶ እጅ መንካት አይገባም። በአንድ ስፍራ ብዙ ወፎች ሞተው ቢገኙ መርዝ ወይም የወፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፥ ሰውም ዶሮም እንዳይቀርብ አድርጎ ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ያልተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ግን የኢጣልያው መስፍን የኤውጄንዮ ሩስፖሊ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር አንድ ያልታወቀ ቱራኮ አገኘ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ግን ዝሆን ገደለው። የወፉ ቆዳ አውሮፓ ደርሶ በስሙ ተሰየመ፤ ነገር ግን ወፉን በየትኛው ስፍራ እንዳገኘው የተጻፈ ወረቀት አልተገኘም። በዚህ ምክንያት የወፉ አገር ከ40 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። አንድ መሥመር ጽሕፈት ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ዘመን ባላለፈ ነበር።

እንግዲህ ስለ ወፍ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የሚላክ ወረቀት እነዚህን ሊይዝ ይገባል፤ ወፉ የታየበትን ቀበሌና ልዩ ስፍራ፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ብዛቱን፥ ከታወቀ ወፍ ጋር የተመዛዘነ ትልቅነቱን፥ የምንቃሩን፥ የእግሩንና የጅራቱን ቅርጽ፥ ተቀምጦና ሲበር የታየውን ቀለም፥ ድምፁን፥ ሲያደርግ የታየውን ሥራ፥ ያየውንም ሰው ስም። በዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉና በደን ውስጥ የሚውሉ ሰዎች በከፍኛ የሚጠሩበት ስም ካለ እንደ አነጋገራቸው ይጻፍ። ፎቶግራፍ ቢገኝ አብሮ ይላክ። ስሙን ያላወቀ ሰው «አላወቅሁትም» ብሎ ያየውን ቢጽፍ ሥራውን ፈጽሟል፤ በግምት የተጻፈ ስም ግን ያለ ጥፋቱ ወፍን ያስገድላል፥ ባለ እርሻውንም ካጠፋው ወፍ ጋር ይተወዋል።